ለቡና የተተከለው ድንኳን

ሞቼ አውቃለሁ። በሊሙ ገነት ለሩብ ሰዓት ያህል፣ በአሰንዳቦ ደግሞ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ሞቼ ነበር። በሁለቱም ከተማ ተለቅሶልኛል። ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ይህንኑ ነው። ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ።

በመጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ። ስሜ ዘሪሁን ነው። ከሊሙ ገነት ከተማ ዳር ከአባቴ የወረስኩት የቡና ማሳ አለኝ። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ከሁሉ ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን የምገኝ፣ ጾም የማልገድፍ፣ ከቅዳሴ በኋላ ልጆችን ሰብስቤ የተራራውን ስብከት የማስተምር ሰው ነበርኩ። ማስተማር እወዳለሁ። ሰው ማረም ደግሞ ከማስተማርም በላይ እወዳለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ አንዳንዴ ሲመርራት፣ እኔ የምጾመው ለነፍሴ ሳይሆን የጎረቤቶቼን ጾም ለመቆጣጠር እንደሆነ ትነግረኝ ነበር።

ይህ ሁሉ መንፈሳዊነቴ እንዳለ ሆኖ፣ ታናሽ ወንድሜን ታደሰን ሰባት ዓመት አላናገርኩትም።

የተጣላነው በዋንዛ ነው። አባታችን ከማሳው መሐል የተከላት አንዲት ትልቅ ዋንዛ ነበረች። ቡና ጥላ እንደሚወድ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በዚያች ዋንዛ ሥር ያለው ቡና ደግሞ ፍሬው ከሌላው ይወፍር ነበር። ታደሰ ግን አናጢ ነው። አናጢ ዋንዛ ሲያይ ጥላው አይታየውም፤ የሚታየው አልጋና ቁም ሣጥን ነው። እኔ ለጉዳይ ጅማ ሄጄ ሦስት ቀን ስቆይ፣ ለሠርጉ የሚሆን ዕቃ ሊሠራባት ቆርጦ ጠበቀኝ። በዚያ ዓመት ፀሐይ ሁለት መደዳ ቡና አደረቀብኝ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ “ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም” አልኩ። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። እሱም ሚስቱን ይዞ አሰንዳቦ ገባና ከዋናው መንገድ ዳር የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ። ጅማ ሐሙስ ገበያ ውስጥ ከሩቅ ለየኝና እጁን አነሣልኝ። እኔ ግን ፊቴን ሽንኩርት ወደምትሸጥ አንዲት ሴት አዞርኩ። ዝም ብዬ ብቆም ስለሚያስታውቅብኝ ያልፈለግሁትን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ስዞር ሄዷል። ወርቅነሽ ሽንኩርቱን አይታ ምን ነክቶህ ነው ስትለኝ ረክሶ ነው አልኳት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ቡናው ሰመረልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ከመከሬ የመጀመሪያውንና ምርጡን ለቤተ ክርስቲያን መባ እንደማገባ፣ ያውም በሚመጣው እሑድ ይዤው እንደምመጣ ከጉባኤ ፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ወርቅነሽ በዚያ ሰሞን፣ መከሩ ሰመረ ብለን ለታደሰ ሰው ብንልክበት ምናለ ብላ ነክታኝ ነበር። ወንድም የለኝም ያልኩትን ቃሌን አላጥፍም አልኳት። ቃል ማጠፍ ኃጢአት ነው ብዬም ጨመርኩበት።

ደማቅ ቀዩን እሸት አስቀድመን እየመረጥን ለቅመን ከግቢዬ አልጋ ላይ አስጥተነው ነበር። የቡና አልጋ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወገብ የሚደርስ የእንጨት መደብ ነው፤ ላዩ ሽቦ ስለሆነ ቡናው አፈር ሳይነካው ከላይም ከታችም አየር ያገኛል። ሁለት አልጋ ሙሉ ቡና ነበረኝ። ሁለት ቀን ደህና ፀሐይ ካገኘ እሑድ ይደርሳል። ታዲያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ በበጋ፣ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረ።

ቡና አስጥቶ ዝናብ የመጣበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ወርቅነሽን ላስቲኩን አምጪ አልኳት። ላስቲኩን ስንዘረጋው አይጥ ጨርሶታል፤ ከላስቲኩ ቀዳዳው ይበዛል። ወርቅነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ጆንያ ልትለምን ወደ ጎረቤት ሮጠች። እኔ ደግሞ ወደ አባ ራያ ቤት በረርኩ።

አባ ራያ ከአጥሬ ቀጥሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። አንድ ትልቅ ድንኳን አለው። ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ስለተጻፈበት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ያ ድንኳን ለሐዘን ካልሆነ በቀር ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ ለሠርግ እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ እሱን ድንኳን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ተገኘ አይልም። ይህን ደንብ ተከራክሮ ያስጻፈው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

አባ ራያ በራፋቸው ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። ችግሬን ነገርኳቸው።

“ለሐዘን ብቻ ብለህ ያስጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ፣ አባ ራያ።”

“ቡናው ያ ለቤተ ክርስቲያን ያልከው ነው?”

“እሱ ነው።”

ትንሽ አሰቡና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። “ወላሂ፣ ለፈጣሪ የተባለ ነገር ዓይኔ እያየ ሲበሰብስ እኔም ሐዘንተኛ ነኝ። ሐዘን ካለ ደግሞ ድንኳን ይወጣል። ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደል፤ ሂድ አንተ ቡናህን ያዝ፣ እኔ ሰው ይዤ አመጣልሃለሁ።”

እኔ ሸራውን ብቻ አልብሼው ልገላገል አስቤ ነበር። እሳቸው ግን እርጥብ ቡና ላይ ሸራ በቀጥታ ከተጣለበት ታፍኖ እንደሚሻግት አስታወሱኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነው ድንኳኑን ከነቋሚው ተሸክመው፣ በዋናው መንገድ፣ በሱቆቹ ፊት ለፊት አምጥተው ከሁለቱ አልጋዎች በላይ ተከሉልኝ። ተክለው እንደጨረሱ የዐስር ሶላት ደርሶባቸው ወደ መስጊድ ሄዱ። ጎረቤቶቹም ወደየራሳቸው ቡና ሮጡ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ገብሬ ፀጉር ቤት ተቀምጦ ነበር። ግማሽ ራሱን ተላጭቶ በመስኮት ሲያይ ድንኳኑ ያልፋል። ደሙ ፈላ። ሰው ሞቶ፣ ለእሱ ሳይነገር፣ ድንኳን ይወጣል! ከሥራዬ ሊያፈናቅሉኝ ነው ብሎ ፎጣውን ከትከሻው ወርውሮ ተከተለ። ከአጥሬ ላይ አሻግሮ ሲያይ ድንኳን ተተክሏል። ወርቅነሽ ታጥቃ፣ በዝናብ ርሳ፣ “ወየው ልፋቴ” እያለች ከጎረቤት ጎረቤት ትሮጣለች። እኔ የለሁም። ገብሬ ደመረና ቀነሰና ማን እንደሞተ ደረሰበት። ሄዶ ጡሩምባውን አነሣ።

እኔ በዚያ ሰዓት ከአንደኛው አልጋ ሥር ነበርኩ። የአልጋው አንድ እግር ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልጋው ዘመም ስላለብኝ፣ ለዝናቡ ጆንያ እንደተከናነብኩ፣ በሆዴ ተኝቼ ድንጋይ ላስደግፈው እታገላለሁ። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ጆሮ ያደነቁራል። በመሐል ጡሩምባ የሰማሁ መሰለኝ። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ አማተብኩና ነፍስ ይማር አልኩ። ለራሴ ነበር።

ወርቅነሽ ከጆንያ ልመናዋ ገና አልተመለሰችም። ከዚያ እግሮች መጡ። ከአልጋ ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ቦቲ ጫማ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ጭቃ የተለጠፈበት ሸበጥ። ከእግሮቹ በላይ ደግሞ ለቅሶ። ድንኳኑን አይተው ቤት ተሳስተው የገቡ መሰለኝና ልነግራቸው ስል፣ አንዱ ቦቲ ጫማ “ዘሪሁን ወንድሜ” ብሎ አለቀሰ። ደነገጥኩ።

ወዲያው መውጣት ነበረብኝ፤ ይህን አምናለሁ። ክርኔን አስደግፌ ልነሣ ስል ግን የዚያው ሰው ድምፅ “እንዲህ ያለ ደግ ሰው” አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተመልሼ ተኛሁ። እስቲ ምን ይላሉ ብዬ ነው። አንዱ ልጆቹን እንዴት አስተምርለት እንደነበር ተናገረ። አንዱ ሙስሊም ነጋዴ፣ በሚዛን አጭበርብሬው እንደማላውቅ መሰከረልኝ። ሌላው ጾሜን አነሣ። ጭቃው ሆዴን እያቀዘቀዘው ልቤ ግን ሞቆት ነበር። ጻድቅ ሆኜ ነው የሞትኩት እኮ።

ከዚያ ከራሴ አጠገብ ሁለት የሴት እግሮች ቆሙ። አንደኛዋን በድምጿ ለየኋት፤ ከልጅነቴ የምታውቀኝ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

“ደግ ነበር፤ ግን ከወንድሙ ሳይታረቅ ሄደ” አለች።

“ያ ሁሉ ጸሎቱስ?” አለች ሁለተኛዋ።

“ጸሎቱማ ደጅ ቆሞ ቀርቶ ይሆናል።”

ሁለተኛዋ ታደሰ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች።

“ይመጣል እንጂ” አለች እትዬ በላይነሽ። “ለሬሳውማ ማን ይከለክለዋል። በቁሙ ነው እንጂ በሩ የተዘጋበት።”

አፈርኩ። ያ ሁሉ ምስጋና ከጆሮዬ ወጥቶ ይህቺ ብቻ ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው የሚያየው ጾሜንና ነጠላዬን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሁሉም የሚያውቀው ያንኑ የዘጋሁትን በር ኖሯል። ከዚያ በላይ መስማት አቃተኝና ተነሣሁ። ራሴ ከሽቦው ጋር ተጋጨ። ጭቃ ለብሼ፣ ጆንያ ተከናንቤ፣ ቡናው ራሴ ላይ እየረገፈ ከአልጋው ሥር ብቅ አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ማውራት አልችልም። አንዱ በስመ አብ ይላል፣ አንዱ አዑዙ ቢላሂ ይላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ በር ሊወጣ ተጋፋ። ቀድሞ የሮጠው ገብሬ ነው፤ ጡሩምባውን ጥሎ። ከግፊያው የተነሣ ሁለተኛው አልጋ ተገፋና እግሩ ተሰብሮ ቡናው ጭቃ ላይ ተገለበጠ። ይሄኔ ነው ባለኝ ኃይል “ኧረ ቡናዬን!” ብዬ የጮህኩት። እንደ ተአምር ሁሉም ቆመ። እትዬ በላይነሽ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የሞተ ሰው ስለ ቡና አይጮህም ብለው ነው።

ነገሩን ሳስረዳቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ በኋላ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ላይ ቡና ይለቅም ጀመር። ለእኔ ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች ቡናዬን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ በደህናው አልጋ ላይ መልሰው ዘረጉልኝ። አባ ራያ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ሁሉም ቡና ሲያጥብ አገኙ። ሲነገራቸው አጥሩን ይዘው ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። ገብሬ ግን የቀረውን ግማሽ ራሱን ለመላጨት አፍሮ ፀጉር ቤቱን ሳይረግጥ ሰነበተ።

ሰው ከሄደ በኋላ ወርቅነሽ ምን ምን እንዳሉልኝ ጠየቀችኝ። ምስጋናውን ዘረዘርኩላት። ሌላስ አለችኝ። ሰው ሃያ ዓመት አብሮት ከኖረ ሰው ምን ይደብቃል፤ የእትዬ በላይነሽንም ነገርኳት። ለታደሰ እንደውልለት አለችኝ። ደመና በመጣ ቁጥር እንደሚሆነው ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር እሱን ምክንያት አደረግሁ። ሲመጣስ አለችኝ። ከእሑድ በኋላ አልኳት፤ መጀመሪያ መባዬን ላግባ፣ ከዚያ አስብበታለሁ። አያችሁ? ሞቼም አልተማርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ሰማዩን ስላላመንኩት ድንኳኑን አላነሣሁትም፤ ጎኑን ብቻ ገልጬ ቡናዬን አገላብጣለሁ። ከበሩ ላይ አንዲት ፒክአፕ መኪና ቆመች። ጭነቷ ላይ አንድ ነገር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ በጨርቁ ላይ መስቀል አለ። ከጋቢናዋ አንድ ሰው ወረደ። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ወንድም ጋሼ” እያለ እያለቀሰ ወደ ድንኳኑ ገባ። ታደሰ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ዓርብ ለቅሶው በደመቀበት ሰዓት አንድ ቡና ጭኖ የሚወርድ ሾፌር በደጄ ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ማን እንደሞተ ጠይቋል። ስሜን ነግረውታል። እሱም ማምሻውን አሰንዳቦ ደርሶ፣ ከታደሰ ሥራ ቤት አጠገብ ሻይ ሲጠጣ አውርቶታል።

እኔ ቡናውን የማገላብጥበትን መበተኛ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ታደሰ ቀና አለ። አየኝ። ጎፈሩ ሸብቷል፤ ትቼው የሄድኩት ጎረምሳ አልነበረም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

“አልሞትክም?” አለኝ።

“አልሞትኩም።”

“ታዲያ ድንኳኑስ?”

“ለቡናው ነው፣ ታዴ። ቡናው እንዳይበሰብስ ነው።”

ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም። እኔም መበተኛውን ጣልኩና አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመት ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ቢመጣ እንዲህ እለዋለሁ፣ እንዲህ ቢለኝ እንዲህ እመልስለታለሁ ስል የኖርኩት። አንዱም አልመጣልኝ አለ። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ወርቅነሽ ከቤት ወጥታ ስታየን አብራን አለቀሰች፤ ለቅሶው ለሁለተኛ ቀን ግቢዬ ገባ ማለት ነው።

ስንረጋጋ መኪናው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። መሬት መሬት አየ። ሄጄ ጨርቁን ገለጥኩ። የሬሳ ሣጥን ነው። ወሬውን እንደሰማ ሥራ ቤቱን ዘግቶ በገዛ እጁ ሠርቶልኝ ነው የመጣው። ሌላ ሰው ቢሆን ሟርት ነው ብሎ ይቆጣ ነበር። እኔ ግን ከራሴ ጋር ሳስተያየው ሌላ ነገር ታየኝ።

“ይህ እኮ አይበቃኝም” አልኩት።

“ቁመትህን አልረሳሁም” አለ። “ውፍረትህን ግን ማን ነገረኝ? ስንለያይ ቀጭን ነበርክ።”

ወርቅነሽ መጀመሪያ ሳቀች። እኔ ደግሞ፣ ደህና ሰው መሆን መቼ ይሆንልኛል፣ እንጨቱን በእጄ ዳሰስኩና ለታላቅ ወንድም ባሕር ዛፍ ይሠራለታል ወይ አልኩት። ለቀልድ ነበር ያልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

“ከዚያ ቀን ወዲህ ዋንዛ በእጄ ነክቼ አላውቅም” አለኝ። “ደንበኛ መጥቶ ዋንዛ ነው የምፈልገው ሲለኝ ወደ ሌላ አናጢ እልከዋለሁ። ጥፋቴ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። የአባባን ዛፍ ሳልጠይቅህ መቁረጥ አልነበረብኝም። ይህን ልልህ ሁለት ጊዜ መጥቼ ከከተማው መግቢያ ተመልሻለሁ።”

ዋንዛ የማይሠራ አናጢ በእኛ አገር ቅቤ እንደማይሸጥ ቅቤ ነጋዴ ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ እየኖረ፣ እኔ ግን ንስሐ ያልገባ ልበ ደንዳና አድርጌ ሳማው ነበር። ስለ ሽንኩርቱ ነገርኩት። ያን ቀን እጁን እንዳነሣ እንዳየሁት፣ አውቄ ዞሬ እንደገዛሁ ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። ይህችን ቃል ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ ለራሴ ስላት ግን ምላሴ እንደ ሕፃን ተኮላተፈ።

አባ ራያ ድምፅ ሰምተው መጡ። ታደሰን አቅፈው “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ከዚያ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አዩትና፣ እኛ ዘንድ ሬሳ በከፈን ነው የሚቀበረው፤ ሣጥን ስለማንሠራ እንዲህ ያለ ኪሳራም አያገኘንም አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ጾም ባይሆን ወርቅነሽ ዶሮ ታርድ ነበር፤ ሽሮ በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሽሮ አላስታውስም። ከምሳ በኋላ ታደሰ መዶሻውን ከመኪናው አወጣና ሣጥኑን ፈታታው። በሳንቃው የተሰበረውን የቡና አልጋ እግርና ጠርዝ አበጀልኝ። ዓርብ ጭቃ የነካውን ቡና እዚያ ላይ አሰጣነው።

እሑድ ሲነጋ ቡናው አልደረቀም ነበር። ሊደርቅም አይችልም። በሁሉ ፊት የተናገርኩት መባ ሳይኖረኝ፣ ባዶ እጄን፣ ከታደሰ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ ያዘነብህ እንደሆነ ካስታወስክ፣ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ለልጆች አስተምሬዋለሁ። ታዛዥ ሰው መባውን በራሱ ትቶ ይሄዳል። እኔ ግን እልኸኛ ስለሆንኩ እግዚአብሔር መባዬን አርጥቦ አስቀረብኝ። ልሄድም ስለማልችል ወንድሜን ራሱን እስከ ቤቴ አመጣልኝ። ቡናው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ደረቀና ታደሰና እኔ ሆነን አገባነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አላጨበጨበም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገሩ የቡና ገበሬ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። እኔ የእግዚአብሔርን ድምፅ ስጠብቅ የኖርኩት በቅዳሴና በስብከት ብቻ ነበር። እሱ ግን አይጥ በበላው ላስቲክ፣ በገብሬ ጡሩምባ፣ በእትዬ በላይነሽ ሹክሹክታ ተናገረኝ። ሞቼ የሰማሁትን ምስጋና ዛሬ አንዱንም በትክክል አላስታውሰውም፤ ያቺን “በቁሙ ነው እንጂ” ያለችውን ግን እስከምሞት፣ ማለቴ እስከ ሁለተኛው ድረስ፣ አልረሳትም። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ለቅሶው ላይ እንደምትገኙ አውቃለሁ፤ ሁላችንም እንገኛለን። ዛሬ ሂዱ። ስልክ ያለው ይደውል። ሰውዬው ቢስቅባችሁም፣ ባያነሣላችሁም፣ እናንተ ግን ደውላችኋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ እዚያችው ቦታ ላይ። ወርቅነሽ ስታውቅ ቆይታ ምንም አላለችኝም። በዚያ እሑድ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጸሎቱን ሲጀምር ታደሰ ከቀኜ ቆሟል። እዚያች ቦታ ደረስን። ሳሉ አልመጣም። ደስታዬ ድምፄን አበዛውና ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ጮክ ብዬ አልኳት፤ ከፊቴ የነበሩት ልጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ታደሰ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ቀስ፣ ወንድም ጋሼ” አለኝ። “ሰምቶሃል።”